ሰርግ በላ

የጠጋኟ አክስት በሞተች በሳምንቱ፣ ለቀስተኛው ሳስቶ በግቢው የተደረደሩት የኪራይ ወንበሮች ግማሾቹ ባዶአቸውን በቀሩበት ከሰዓት፣ ብልጦ ያን ቀልድ ቀለደ።

ብልጦ የአክስቷ አንድያ ልጅ ነው። ስሙን ያወጣችለት እናቱ ናት። ገና ድክ ድክ ሲል ሳህን ሰብሮ፣ ስብርባሪውን በእግሩ እየገፋ አብራው የምታድገው ጠጋኟ ፊት ካደረሰ በኋላ "እሷ ናት" ብሎ በጣቱ ጠቆመ። እናቱ ሆዷን ይዛ ሳቀችና "ወይ ብልጦ!" አለችው፤ በዚያው ቀረ። ጠጋኟ ደግሞ እናቷ ስትወልዳት ስለሞተችባት በዚህችው አክስቷ ጡት ያደገች ናት። ሁለቱ አንድ ጡት ተካፍለው፣ አንድ አልጋ ላይ ተጋፍተው ተኝተው፣ በኋላም አንድ ሙያ ተምረው አደጉ። ዛሬ ከልብስ ሰፊው ሱቅ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ኮምፒውተር እየጠገነች ስለምትኖር ሰፈሩ ጠጋኟ ይላታል። ፊት ለፊቷ እንደዚያ ነው። ከኋላዋ ግን ሌላ ስም አላት።

ያን ዕለት አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ከአጠገቧ ተቀምጠው፣ "ልጄ፣ ኮምፒውተሬ ይበራና እዚያው ድርቅ ይላል። ሐዘኑ ሲያልፍ ላምጣልሽ?" አሏት። እሺ ልትል አፏን ስትከፍት ብልጦ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ጣልቃ ገባ።

"ኧረ ጋሼ! ለእሷ ከሚሰጡት ገደል ቢከቱት ይሻላል። ሰርግ በላ መሆኗን ረሱት እንዴ?"

ሰው ሳቀ። የሳቀው ሁሉ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው አፉን በእጁ ያዘ፤ ትከሻው ግን መንቀጥቀጡን አልተወም። ሽማግሌው አፍረው ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ጠጋኟ አልተቆጣችም። ብድግ ብላ ወደ ቤት ገባች፣ የአክስቷን መኝታ ቤት በር ከኋላዋ ዘጋች፣ የተገፈፈው ፍራሽ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"አክስቴ፣" አለች ድምፅ አውጥታ፤ "እስከ ዛሬ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ከዛሬ ወዲያ የለሁበትም።"

ቃሉ እንዲህ ነው የተገባው።

ከዓመታት በፊት ሁለቱም በከተማው ትልቁ ፎቶ ቤት ይሠሩ ነበር። እሷ የሰርግ ፎቶዎችን ታስተካክላለች፤ ብልጦ ማሽኖቹን ይንከባከባል። ባለፎቶ ቤቱ ጎበዝ ፎቶ አንሺ ቢሆኑም ለዕቃ እጃቸው የማይፈታ ሰው ነበሩ። የሙሽራውን ሁሉ ፎቶ አንድ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ውስጥ አጭቀው፣ ሌላ ግልባጭ ይቀመጥ ስትላቸው፣ "እሱ ዲስክ ከእኔ በላይ ይኖራል፣ አትስጊ" ይሏት ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት አክስቷን ደረቷን ወጋት። ጠጋኟ ባለፎቶ ቤቱን አስፈቅዳ ሐኪም ቤት ይዛት ሄደች። ያን ቀን ከሰዓት ለፎቶ ቤቱ አዲስ ኮምፒውተር መጣ፤ ሲስተም የሚባል ነገር ያልተጫነበት ባዶ ቀፎ ነው። ብልጦ ሊጭንበት መጫኛ ፍላሽ ማዘጋጀት ጀመረ።

መጫኛ ፍላሽ እንደ ዘፈን ዝም ብሎ አይገለበጥም። መጀመሪያ ፍላሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠረጋል፤ ከዚያ እንደ አዲስ ክፍል ይከፈልለታል፤ ክፍሉ ስም ይሰጠዋል፤ የመጫኛው ፋይል የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ትእዛዙ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ደግሞ ይህ ፍላሽ ነው፣ ያ የሰርግ ዲስክ ነው ብሎ አይነግርም። ዲስክ ዜሮ፣ ዲስክ አንድ፣ ዲስክ ሁለት እያለ በቁጥር ይደረድራቸዋል። ከቁጥሩ ጎን ያለውን መጠን አይቶ መለየት የሠራተኛው ፋንታ ነው። ብልጦ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል ወትፎ ከአንዲት ልጅ ጋር እየተሳሳቀ፣ ሁለት ማለት ሲገባው አንድ አለ። የመጥረጊያው ትእዛዝ "እርግጠኛ ነህ ወይ?" ብሎ አይጠይቅም። ጠረገው።

ከዚያም በተጠረገው ላይ ትንሽ ክፍል ከፈለ፣ እንደ ልማዱ የራሱን ቅጽል ስም ሰጠው፣ መጫኛውን ገለበጠበት። ፍላሹን ነቅሎ አዲሱ ማሽን ላይ ሲሰካ ፍላሹ ውስጥ ዘፈኖቹ አንድ ሳይጎድሉ ቁጭ ብለዋል። ያጠፋው የገባው ያኔ ነው። ዞሮ ዲስኩን አየ። የከተማው ሰርግ ሁሉ የለም።

እዚያው ላይ እጁን ሰብስቦ "ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ" ቢል ኖሮ አብዛኛውን መመለስ ይቻል ነበር። ብልጦ ግን ብልጦ ነው። ስሙ ያለበትን ክፍል መልሶ ጠረገና ዲስኩን ባዶ አድርጎ ቦታው መለሰው። ባለፎቶ ቤቱ ሲገቡ፣ "ጠዋት ከመውጣቷ በፊት እሷ ስትነካካው ነበር" አላቸው።

እሷ አክስቷን ቤት አስተኝታ ስትመለስ ባለፎቶ ቤቱ በር ላይ ጠበቋት። ዲስኩን ደረቷ ላይ ወረወሩት።

"ይኸውልሽ! ይዘሽው ጥፊ! ዳግመኛ ዓይንሽን እንዳላይ!"

የሆነው ሁሉ የገባት ቤት ስትደርስ ነው። ቀድሟት የገባው ብልጦ የእናቱን ጉልበት አቅፎ፣ ያደረገውን እየተናዘዘ እንደ ሕፃን ይነፋረቃል። አክስቷ ከትራሷ ቀና ብላ፣ በደከመ ድምፅ፣ እንዲህ አለች፦

"አንቺ ጠንካራ ነሽ። አንቺ ትችይዋለሽ። እሱ ግን ይሰበርብኛል። ባጠባሁሽ ጡት ይዤሻለሁ፣ እኔ በሕይወት እያለሁ ያን ዲስክ አትክፈችው። ጉዳዩንም አታንሺው።"

"አክስቴ፣ ስሜ ነው እኮ የጠፋው!"

"ስም ይረሳል፣ ልጄ።"

ጠጋኟ ወደ ብልጦ አየች። ፊቱን እናቱ ቀሚስ ውስጥ ቀብሮ፣ በአንድ ዓይኑ ምን እንደምትመልስ አሾልቆ ይመለከታል። ያቺን አንድ ዓይን እስከ ዛሬ አልረሳቻትም።

"እሺ" አለች። ዲስኩን በአሮጌ ሹራብ ጠቅልላ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ከተተችው።

ስም ግን አልተረሳም። ሙሽሮቹ አንድ በአንድ እየመጡ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ሲያለቅሱ ባለፎቶ ቤቱ የእሷን ስም ጠሩላቸው። ታክሲ ውስጥ ሴቶች ተጠቃቀሱባት። አንዷ ሙሽራ፣ ጠጋኟ ገበያ መሀል ሽንኩርት ስትመርጥ ክንዷን ይዛ፣ "ምን አድርጌሽ ነው ሰርጌን የበላሽው?" አለቻት። ሰርግ በላ የሚለው ስም የወጣላት ያኔ ነው። ሊያገባት ሽማግሌ ሊልክ የነበረው ሰውም፣ እናቱ ይህን ስም ቤታቸው ማስገባት አልፈልግም ስላሉ፣ ቀስ በቀስ ስልኩን ማንሳት ተወ።

ከሁሉ የከፋችባት ግን ፋርማሲስቷ ነበረች። ፋርማሲስቷ ባገባች በዓመቱ ባሏ በመኪና አደጋ ሞተባት። ከባሏ ጋር የነበራት ፎቶ ሁሉ እዚያ ዲስክ ውስጥ ነበር። የአክስቷ የልብ መድኃኒት ደግሞ ከእሷ ፋርማሲ በቀር የትም አይገኝም። ጠጋኟ በየጊዜው ማዘዣዋን ይዛ ትሰለፋለች። ተራዋ ሲደርስ ፋርማሲስቷ ቀና ብላ አታያትም። መድኃኒቱን በጣቷ ጫፍ ገፋ ታደርግላታለች፣ መልሱን መደርደሪያው ላይ ታስቀምጥላታለች፤ እጇን መንካት እንኳ ትጸየፋለች። ጠጋኟ ጥርሷን ነክሳ "አመሰግናለሁ" ብላ ትወጣለች። ከዚያ ቤት ገብታ መድኃኒቱን የምትሰጠው ለብልጦ እናት ነው።

በዚህ ሁሉ መሀል ብልጦ ተሳካለት። "ብልጦ የኮምፒውተር ማሰልጠኛ" የሚል፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ የተነሳው ፎቶ ያለበት ትልቅ ሰሌዳ ዋናው መንገድ ላይ አሰቀለ። ባለፎቶ ቤቱ ራሳቸው ሠራተኞቻቸውን እሱ ዘንድ ያሰለጥናሉ። እናቱን ለመጠየቅ ሲመጣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ይገባል፤ ትንሽ ይቀመጥና "ሥራ አለብኝ እማ" ብሎ ይወጣል። የሽንት ጨርቅ የምትቀይርላት፣ ገላዋን የምታጥባት ጠጋኟ ናት።

የአክስቷ ሐዘን እንዳበቃ ዲስኩ የተጠቀለለበትን ሹራብ ፈታችው።

ዲስኩን ሰካችው። መጀመሪያ ዲስኩን እንዳለ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሌላ ዲስክ ላይ ገለበጠችው። ዋናውን መልሳ አስቀመጠችና ሥራዋን በግልባጩ ላይ ጀመረች። ከዚያ የጠፋ ክፍል የሚፈልገውን ፕሮግራም አስነሳች። ዲስክ ሲጠረግ የሚቀደደው፣ የትኛው ክፍል የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚናገረው ማውጫ ነው። በውስጡ ያለው ዕቃ ግን ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ባለበት ይቆያል። ይህን ያን ጊዜም ታውቃለች፤ ብልጦም ያውቃል።

ፕሮግራሙ ሁለት የጠፉ ክፍሎች አገኘ። አንዱ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር የሞላው የሰርጎቹ ክፍል ነው። ሁለተኛው በእሱ መጀመሪያ ላይ የተደረበ ትንሽ ክፍል ነው። በትንሹ ክፍል ጎን በእንግሊዝኛ ፊደል ስሙ ተጽፏል፦ ብልጦ።

ጠጋኟ ሳቀች። ከግድግዳው ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን አቁሞ "ምነው፣ ደህና ነሽ?" እስኪላት ድረስ ሳቀች።

"ደህና ነኝ። እንዲህ ደህና ሆኜ አላውቅም።"

ፎቶዎቹ እንደ ድሮው አልተመለሱም። ብልጦ የገለበጠው መጫኛ ያረፈው የፎቶዎቹ ስምና አድራሻ በሰፈረበት ቦታ ላይ ነበር። ስለዚህ ያለ ስም፣ ያለ ቀን፣ የአንዷ ቬሎ ከሌላዋ ኬክ ጋር ተደባልቆ ወጣ። አንዳንዱ ከነጭራሹ የለም። አንዳንዱ ደግሞ ላይኛው ግማሹ ሰው ሆኖ ታችኛው ግማሹ ግራጫ ነው። እሷ ግን እያንዳንዱን ፎቶ በእጇ ስላስተካከለች ታውቀዋለች። ቀናት ፈጅታ የፋርማሲስቷን ባል አገኘችው። ከረባቱ ወደ ግራ ዘምሟል፤ ያኔ "ላቃናው?" ብላ ባለፎቶ ቤቱን ጠይቃቸው ነበር።

በቀጥታ ወደ ፋርማሲው ሄደች። ፋርማሲስቷ እንደ ልማዷ ቀና ሳትል "ማዘዣ" አለች።

"ማዘዣ የለኝም። አክስቴ ሞታለች።"

"ነፍስ ይማር።"

"ቅዳሜ ከሰዓት ብልጦ ማሰልጠኛ የእንግዳ ቀን አለ። ነይ።"

ፋርማሲስቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አየቻት። "እኔ እዚያ ምን አለኝ?"

"ሰርግሽን ማን እንደበላው አሳይሻለሁ።"

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ወላጆች፣ ሰልጣኞች፣ የሰፈሩ ሰው፤ ከፊት ደግሞ ባለፎቶ ቤቱ በክብር እንግድነት ተቀምጠዋል። ጠጋኟ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ የአክስቷን ጥቁር ነጠላ ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ብልጦ ሲያያት ለአፍታ ቅር አለው፤ ወዲያው ግን ፈገግ ብሎ፣ "እህቴም መጥታለች፣ እንኳን ደህና መጣሽ" አለ። አጨበጨቡላት። ፋርማሲስቷ ዘግይታ ገባችና በሩ አጠገብ ቆመች።

መቼም አፍ አለው፤ ያስተምራል። ግድግዳው ላይ በሰፊው በሚታየው ኮምፒውተር መጫኛ ፍላሽ እንዴት እንደሚዘጋጅ አሳየ።

"ዲስክ ማለት ባዶ አዳራሽ ነው" አለ። "ፓርቲሽን ማለት አዳራሹን በግድግዳ ለይቶ ክፍል ማውጣት ነው። አንዱ ክፍል ለሲስተሙ፣ አንዱ ለዕቃችን። ፍላሻችንንም እንዲሁ እንከፍለዋለን። ለክፍሉ ስም እንሰጠዋለን። እኔ መቼም ሁሌ የምሰጠው ስም አንድ ነው፣ እንዳትስቁ!" ብሎ ብልጦ ብሎ ጻፈ። አዳራሹ ሳቀ። ባለፎቶ ቤቱም ሳቁ።

"ዋናው ነገር፣" አለ ጣቱን አንስቶ፤ "የትኛውን ዲስክ እንደመረጥን ሁለት ጊዜ ማየት ነው። ያለበለዚያ ጉድ ይፈላል። በቤተሰባችንም የደረሰ ነው።" ወደ ጠጋኟ ዞሮ በፍቅር ዓይኑን ጠቀሳት።

እንግዲህ ጊዜው ይህ ነበር። ብድግ አለች።

"አስተማሪ፣ ጥያቄ አለኝ። በስህተት የተጠረገ ክፍል ይመለሳል?"

"ጥሩ ጥያቄ! በትክክል ከተያዘ ይመለሳል። የሚጠፋው ማውጫው ነው እንጂ ዕቃው አይደለም።"

"እስቲ በዚህኛው አሳየን።"

አዲስ ሽፋን ያለበሰችውን ግልባጭ ዲስክ ከቦርሳዋ አወጣች። ብልጦ ተቀበላት። ይህን ያህል ሰው እያየው እንዴት እምቢ ይላል? ሰካው፤ ፍለጋውን አስነሳ፤ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ጠበቀ።

የመጀመሪያው መስመር መጣ። "አያችሁ? ትልቅ ክፍል ነበር። ጠፍቶ ነበር፣ አሁን ይኸው" አለ።

ሁለተኛው መስመር መጣ።

አዳራሹ ውስጥ ማንም ምንም አልገባውም። አንዱ ሰልጣኝ ብቻ፣ ሌላ ቀልድ መስሎት፣ "አስተማሪ፣ የእርስዎ ስም ነው!" ብሎ ጮኸና ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ብልጦ ግን ገባው። ፊቱ አመድ መሰለ። እጁን ከኪሱ አውጥቶ ወደ ገመዱ ላከ።

"አትንቀለው!" አለች ፋርማሲስቷ ከበሩ።

ጠጋኟ ወደ ፊት ወጣች። "ትንሹን ክፍል ልክፈተው ወይስ አንተ ትከፍተዋለህ?" አለችው። ራሷ ከፈተችው። የመጫኛው ፋይሎች በመስመር ተደረደሩ፤ ከጎናቸው የተጻፉበት ቀንና ሰዓት አለ።

"ጋሼ፣" አለች ወደ ባለፎቶ ቤቱ ዞራ፤ "ይህን ቀን ያስታውሱታል?"

ባለፎቶ ቤቱ መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ። ተነሥተው ወደ ግድግዳው ቀረቡ። አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ቀስ እያለ ሲያብጥ ሰው ሁሉ አየ።

"ያቺን ቀን እንዴት እረሳለሁ?" አሉ። "የሰርጎቹ ዲስክ የጠፋ ቀን ነው።"

"ሰዓቱንስ?"

"ከሰዓት በኋላ።" ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ብልጦ ዞሩ። "አንተ። ጠዋት ነው ያልከኝ። ከሰዓት እሷ የለችም። እናትህን ሐኪም ቤት እንድትወስድ ፈቃድ የሰጠኋት እኔ ነኝ!"

"ጋሼ፣ ቫይረስ... አንዳንዴ ቫይረስ ስም ይቀይራል..." ብልጦ ምላሱ ተሳሰረ።

"ቫይረሱ ስምህን ከየት አወቀው?" አለች ጠጋኟ። በዚህኛው ማንም አልሳቀም። "ዓይኔን እያየህ ንገራቸው። ማነው ሰርግ በላ?"

"እባክሽ፣ እህቴ። በእማዬ ሞት።"

"በእማዬ ነው እስከ ዛሬ የኖርከው። እማዬ ሞታለች። ንገራቸው!"

ተናገረ። ድምፁ አልወጣ እያለው፣ ባለፎቶ ቤቱ "አልሰማሁም፣ ድገመው" እያሉት፣ ሁለት ጊዜ ተናገረ። ጠጋኟ ቆማ እያንዳንዷን ቃል እንደ ጥሩ ምግብ አላመጠቻት። ላቡ ከግንባሩ ወርዶ ያንን የተተኮሰ ኮሌታ ሲያበሰብሰው አየች፤ ደስ አላት። ሰው ሊታዘባት ይችላል፤ ደስ ግን አላት።

አዳራሹ ሲንጫጫ ፋርማሲስቷ ሰው እየገፋች መጣች። ጠጋኟ ይህችን ቅጽበት ስትጠብቅ ነበር። ትንሽ ፍላሽ ዘረጋችላት።

"ያንቺዎቹ ናቸው። ሁሉም አልተገኘም። ግማሾቹ ከታች ግራጫ ናቸው፤ ግን የእሱ ፊት አለ።"

ፋርማሲስቷ ፍላሹን ተቀብላ በመዳፏ ጨበጠችው። ከዚያ ያልተጠበቀውን ጠየቀች።

"ይህ ዲስክ ከመቼ ጀምሮ ነው አንቺ ዘንድ ያለው?"

"ከዚያው ቀን ጀምሮ።"

"የት?"

"ቁም ሳጥኔ ውስጥ።"

"እኔ የፊቱ ነገር እየጠፋኝ፣ ልጄ አባቴ ምን ይመስላል ስትለኝ የምመልሰው አጥቼ፣ አንቺ መድኃኒት ልትገዢ ስትመላለሺ፣ እሱ ቁም ሳጥንሽ ውስጥ ነበር?"

"ቃል ነበረብኝ። ለአክስቴ..."

"ለእኔስ ማን ቃል ገባልኝ?"

ጠጋኟ ለብልጦ መልስ አዘጋጅታለች፤ ለባለፎቶ ቤቱ አዘጋጅታለች፤ ቢሰድቧት፣ ቢማጸኗት፣ እግሯ ላይ ቢወድቁ የምትለውን ሁሉ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አጥንታለች። ይህን ጥያቄ ግን አላሰበችውም ነበር። ፋርማሲስቷ ምስጋናም ስድብም ሳትሰጣት ወጥታ ሄደች። ጠጋኟ ጥያቄውን በልቧ እየደጋገመች ቤቷ ገባች። በማግሥቱ ግን ያም ጥያቄ የብልጦ ዕዳ ነው ስትል ለራሷ ነገረች።

በዚያው ሳምንት ሰሌዳው ወረደ። ወላጆች ልጆቻቸውን አስወጡ። ባለፎቶ ቤቱ፣ "የሰዎቹ ፎቶ እጃቸው ካልገባ ፍርድ ቤት እገትርሃለሁ" ብለው በሰው ፊት ማሉበት። ፎቶዎቹን አበጥሮ የትኛው የማን እንደሆነ ለይቶ ማውጣት የሚችል ደግሞ በከተማው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ብልጦ መጣ። ሽቶ አልተቀባም፤ ጺሙን አልተላጨም። ከልብስ ሰፊው ሱቅ ጀርባ ባለችው ክፍል በር ላይ ቆሞ ግባ እስክትለው ጠበቀ። አላለችውም።

"እህቴ፣ አንድ ጡት ነው የጠባነው።"

"አውቃለሁ። የኔን ድርሻ ስትጠባም ዝም ብያለሁ።"

"ምን ላድርግ? ንገሪኝ። ልሰቀል?"

"አትሰቀልም። አንተ ብትሰቀል ማን ይሠራል?" ከጠረጴዛው ሥር ትንሽ ዱካ መቀመጫ በእግሯ ሳብ አድርጋ አወጣችለት። "እዚህ ትቀመጣለህ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ታያለህ። እኔ የማን እንደሆኑ እነግርሃለሁ፣ አንተ ትለያለህ። የአንዷ ሲሞላ ራስህ ቤቷ ትሄዳለህ። በሯን ታንኳኳለህ። 'ሰርግሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ በሌላ ሰው ያላከክሁትም እኔ ነኝ' ትላለህ። ከዚያ ትሰጣታለህ። በፖስታ መላክ የለም፣ ሰው መላክ የለም።"

"ሁሉም ቤት?"

"ሁሉም ቤት።"

"የሞቱም፣ የተፋቱም ይኖራሉ እኮ!"

"ለተፋቱት ሁለት በር ታንኳኳለህ።"

ብልጦ ሊከራከር አፉን ከፈተ፤ ፊቷን አይቶ ዘጋው። ጎንበስ ብሎ ገባና ዱካዋ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደረሰ።

መጀመሪያ የሄደው ገበያ መሀል ክንዷን ወደያዘቻት ሴት ነበር። ጠጋኟ ሱቋን ዘግታ ተከተለችውና ከመንገዱ ማዶ፣ የስልክ እንጨት ተደግፋ ቆመች። ሲያንኳኳ አየችው። ሴትየዋ ልብስ ስታጥብ ነበር መሰል፣ ክንዷ በአረፋ ተሸፍኖ ወጣች። የሚባባሉት አይሰማም፤ የብልጦ ራስ ግን ወደ መሬት ሲወርድ ይታያል። ሴትየዋ ፍላሹን ከእጁ መነጨቀች። ወደ ግቢ ተመለሰች። ብልጦ ያለቀ መስሎት ፊቱን ሲያዞር በሳፋ ይዛው የመጣችውን ውሃ ከላዩ ላይ ደፋችበት።

ከዚያ ሴትየዋ መንገዱን አሻግራ ጠጋኟን አየቻት። አወቀቻት። ሴትየዋ ይቅርታ ልትላት ይሁን ሳፋውን ለእሷም ልትሞላላት እንደሆነ መለየት አይቻልም ነበር። በመጨረሻ ራሷን በትንሹ ነቀነቀችና በሩን ዘጋችው።

ብልጦ ጫማው ውሃ እየረገጠ መንገዱን ተሻገረ። ሳሙናው ዓይኑን አቃጥሎት ያለቅሳል፤ ወይም ያለ ሳሙናው ያለቅሳል።

"እህቴ፣ ልብስ ልቀይር" አለ።

ጠጋኟ ከቦርሳዋ ሌላ ፍላሽ አውጥታ በእርጥብ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

"ቀጣይዋ ሩቅ አይደለችም" አለችው። "እየሄድክ ይደርቅልሃል።"